ከጳጉሜ ወደ መስከረም ያሻገርኳቸው ሰዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የገባሁት ብናኝ ልጠርግ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ከኩታበር ስወርድ ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረም። ብናኙ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ማሳል ስጀምር ወደ መዝገብ ቤት አዛወሩኝ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ ደብዳቤ አደርሳለሁ። መዝገብ ቤቱን ወደድኩት። ፋይል ሰው አያናግርም። እኔ ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ምላሴ የሚተሳሰር ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት እያለሁ አስተማሪው ስሜን ሲጠራ "አቤት" ማለት አቅቶኝ፣ እዚያው ተቀምጬ "ቀሪ" ተብዬ የተመዘገብኩበት ቀን ብዙ ነው።

ጥር ላይ ጸሐፊያችን ልትወልድ እረፍት ልትወጣ ሆነ። የሠራተኛውን ፋይል ሁሉ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነበር። ደሴ ያለው የፋብሪካው ዋና ቢሮ አዲስ ሶፍትዌር ገዝቶ ልኮ፣ ዝርዝሩን በአንድ ወር ውስጥ ጨርሳችሁ ላኩ ብሏል። ሌላ ሰው አልተገኘም። የሰው ኃይል ኃላፊያችን፣ ጋሼ የምላቸው ሰው፣ መደርደሪያው ሥር መጡና፣

"የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል ይላሉ፤ ጣትሽስ እንዴት ነው?" አሉኝ።

እጄን ከፋይሎቹ ኋላ ደበቅኩ።

"አብሽሪ! ስምና ቁጥር ነው። ማሽን አይናከስም።"

ጸሐፊዋ ከመውጣቷ በፊት ሁለት ቀን አሳየችኝ። ስም እዚህ፣ የአባት ስም እዚህ። የትውልድ ቀን እዚህ፤ ቀኑ፣ ወሩ፣ ዓመቱ በቁጥር፣ ፋይሉ ላይ እንዳለው። የተቀጠረበት ቀን፣ የሥራ ክፍል። ከዚያ ታች ያለችውን ሰማያዊ ሳጥን በማውዝ መንካት ነው፤ ሴቭ የምታደርገው እሷ ናት። አረንጓዴ ምልክት ከመጣ ሰውየው ገብቷል ማለት ነው።

"ካልመጣስ?" አልኳት።

"ይመጣል" አለችኝ፣ ወገቧን ይዛ እየተነሳች።

በሦስተኛው ቀን አልመጣም። የአንድ ሸማኔ ፋይል ነበር። ሰማያዊዋን ሳጥን ስነካት ማሽኑ ጮኸና መሐል ስክሪኑ ላይ ቀይ ነገር ተዘረጋ። በውስጡ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። እሱን ለመዝጋት ስነካው የጻፍኩት ሁሉ፣ ስሙም የአባቱ ስምም፣ ጠፋ። እንደገና ጻፍኩ። እንደገና ጮኸ። አራት ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ ፋይሉን ገለል አድርጌ የሌላ ሰው ጻፍኩ፤ አረንጓዴ መጣ። ወደ ሸማኔው ተመለስኩ፤ ቀይ። ሰውየውን የጠላው መሰለኝ።

ያኔ ጥፋቱ የኔ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ማውዙን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት። መብራት ሲዋልል አይቼ ስለነበር እስኪረጋ ጠበቅኩ። አጥፍቼ አበራሁት። በምሳ ሰዓት ማንም ሳይኖር እቃ ግምጃ ቤት ወዳለው ኮምፒውተር ሄጄ እዚያ ሞከርኩ፤ እዚያም ጮኸ። ማታ ላይ እምቢ የተባሉት ፋይሎች አራት ደረሱ። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከእግሬ ጋር አስቀመጥኳቸው።

በማግስቱ ጩኸቱን ጋሼ ሰሙት።

"ምነው ማሽኑ ይጮኻል፣ አንቺ ዝም?"

"ምንም አይደለም።"

"ምንም ካልሆነ ለምን ይጮኻል? አላህ ይስጥሽ፣ ለልጁ ደውይለት።"

ልጁ የሚሉት ደሴ የሚኖረውን የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነው። ጋሼ ራሳቸው ደውለው ስልኩን ሰጡኝ። ከኋላዬ ከግምጃ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ደብዳቤ እየጠበቁ ቆመዋል።

"ምን ይላል?" አለኝ።

"በእንግሊዝኛ ነው።"

"አንብቢልኛ።"

ፊደል በፊደል አነበብኩለት። ኢ፣ ኤን፣ ቲ... ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ሳቃቸውን ሲያፍኑ ይሰማኛል። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ገና ሳልጨርስ፣

"ኧረ ተይው እናቴ፤ አልተቀመጠም ነው የሚለው" አለኝ። "እሱንማ አንቺም ታውቂያለሽ። ሪስታርት አርጊው።"

በሳምንቱ ከደሴ ወረደ። ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠና የራሱን ስም፣ የራሱን ልደት ጻፈ፤ የሥራ ክፍል የሚለው ላይ ማቅለሚያ አለ። ሰማያዊዋን ነካት። አረንጓዴ።

"ይኸው፤ ቀጠራችሁኝ" አለ።

ጋሼ ሳቁ። "ደሞዝ እንዳትጠይቀን ወላሂ!"

"ማሽኑ ጤነኛ ነው ጋሼ። ይልቅ ልጅቷን አስመርምሯት።"

የሸማኔውን ፋይል በደረቴ አቅፌ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። "ይሄኛውን ሞክረው" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሁለት ቃል። እነሱ ሲሳሳቁ እኔ ሁለቱን ቃል በሆዴ እደጋግማለሁ። ልጁ ራሱን ከዝርዝሩ ሰርዞ፣ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ብሎ ወጣ።

እምቢ የተባሉት አሥራ አምስት ሲሆኑ በሩን ገርበብ አድርጌ መሬት ላይ ዘረጋኋቸው። የሚመሳሰሉበት ነገር ይኖራል አልኩ። የሥራ ክፍላቸው የተለያየ ነው። ወንድም ሴትም አለ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ የሐርቡ ሰው አለ፣ የደሴ ሰው አለ። ስማቸው አጭር ነው እንዳልል ረጅምም አለበት። ተንበርክኬ አንድ በአንድ በጣቴ ስከተል ወሩ ላይ ቆምኩ። አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስት። አሥራ አንዱ ጳጉሜ የተወለዱ ናቸው። የቀሩት አራቱ ጥቅምት፤ ሦስቱ ሠላሳ፣ አንዱ ሃያ ዘጠኝ። ሌላ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ የተወለደ ሰው ግን ቀደም ሲል አስገብቻለሁ፤ እሱን ለምን እንደተቀበለው እስከ ዛሬ በደንብ አይገባኝም። የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን እንደሌለው ያወቅኩት ቆይቼ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር እንደሌላቸው ግን ሰምቼ አውቅ ነበር። የተበላሸ ነገር የለም። ማሽኑ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ጳጉሜ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በቃ።

ደስ አለኝ። ማንም ሳይነግረኝ በራሴ ያገኘሁት የመጀመሪያ ነገር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ፋይል ይዤ ወደ ጋሼ ቢሮ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ከደሴ የመጡ ሰዎች ከበዋቸው ስለ ዝርዝሩ ያወራሉ፤ ቅዳሜ መድረስ አለበት ይላሉ። እደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ።

"ምን ፈለግሽ?" አሉኝ ጋሼ።

"ምንም።"

ተመለስኩ።

ሐሙስና ዓርብ ሲጮኽ ዋለ። ዓርብ ከሰዓት እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ከጳጉሜ አምስት ቀጥሎ የሚመጣው መስከረም አንድ ነው። የጥቂት ቀን ልዩነት ማንን ይጎዳል? የጥቅምቶቹን ሃያ ስምንት አደረግኳቸው። ጳጉሜዎቹን ደግሞ ቀኑን አንድ፣ ወሩን አንድ ብዬ ጻፍኩ። ዓመተ ምሕረቱን አልነካሁም። ቀንና ወር መንካቱ ራሱ አስፈርቶኛል፤ ዓመቱንማ እንዴት ብዬ። አሥራ አንዱም አረንጓዴ ሆኑ። ቅዳሜ ጠዋት ዝርዝሩ ታትሞ ደሴ ሄደ። ጋሼ ትከሻዬን መታ አድርገው "ይኸው አልሞትሽም!" አሉኝ።

ከአሥራ አንዱ አንዷ አብሬያቸው የምኖረው ሴትዮ ነበሩ።

እትዬ ነው የምላቸው። ፈተላ ክፍል የተበጠሰ ክር ይቀጥላሉ። ከእናቴ ጋር በኩታበር ገበያ ይተዋወቁ ስለነበር፣ እኔ ስመጣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ካለች አንዲት የኪራይ ክፍላቸው ግማሹን ለቀቁልኝ። ባልም ልጅም የላቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀን ሠራተኝነት ሲሠሩ ኖረው፣ ቋሚ የሆኑት ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው። ቋሚ ሆኖ አሥር ዓመት የሞላው ሰው ጡረታ ሲወጣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በየወሩ ጡረታ ያገኛል፤ ያልሞላው ያስቀመጠውን አንዴ ይዞ ይወጣል፣ አበቃ። እትዬ ከዓመት ዓመት የሚቆጥሩት ያንን አሥር ነበር። የሚሞላላቸው በሚመጣው ጥር ነው። ስድሳ የሚሞሉት ደግሞ ከዚያ በኋላ ጳጉሜ ላይ ስለሆነ ጊዜው ተርፎ ይደርሳል። "አሥሬ ይሙላልኝ እንጂ" ይሉ ነበር፣ "ወንድሜ ቤት ገብቼ የሚስቱን ፊት አላይም። በገዛ ክፍሌ እግሬን ዘርግቼ እሞታለሁ።"

የዚያን ዓርብ ቤት ስገባ ሽሮ እያማሰሉ ነበር።

"ዛሬ እርስዎን አስገባሁ" አልኳቸው።

"የት?"

"ኮምፒውተር ውስጥ።"

"ይሞቃል?"

ሳቅኩ። ከሳቸው ጋር ስሆን እስቃለሁ።

"ልደቴን በደንብ ጽፈሻል? የሩፋኤል ዝናብ ሲወርድ ነው የተወለድኩት። ሰው ሁሉ ዝናቡን ልጠመቅ ብሎ ወጥቶ፣ እናቴ አጠገብ አዋላጅ እንኳ አልነበረም።"

"ጽፌዋለሁ" አልኩ።

ውሸት መሆኑ በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም። የሦስት ቀን ነገር ነው ብዬ ነበር።

ጸሐፊዋ ሚያዝያ ላይ ተመለሰች፤ እኔም ወደ ደብዳቤዬ። በሰኔ አጋማሽ ከደሴ የመጡ ስድስት ፖስታዎች ተሰጡኝ፤ የጡረታ ደብዳቤ ናቸው። እንደማደርገው በየክፍሉ ለመዞር ስደረድራቸው አራተኛው ላይ የእትዬን ስም አየሁ። ስም መሳሳት ይሆናል ብዬ የአያታቸውን ስም ፈለግኩ። እሳቸው ናቸው።

ፈተላ ክፍል ውስጥ ሰው የሚነጋገረው ጆሮ ለጆሮ ተጠግቶ ነው። ፖስታውን አይተው፣ ማንበብ ስለማይችሉ ጆሯቸውን አቀረቡልኝ።

"ምን ይላል?"

"ከመስከረም አንድ ቀን ጀምሮ... ዕድሜዎ ስድሳ ዓመት ስለሚሞላ... ላበረከቱት አገልግሎት እያመሰገንን..."

"የትኛው መስከረም?"

"የሚመጣው።"

በጣታቸው ቆጠሩ። ጣታቸው ላይ ብናኝ አለ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። አውራ ጣታቸውን እንደያዙ ቆሙ።

"ሰዎቹ ተሳስተዋል" አሉ ረጋ ብለው። ደብዳቤውን አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱና ወደተበጠሰ ክር ተመለሱ።

የገባኝ እዚያው ማሽኖቹ መሐል ቆሜ ነው። ጳጉሜ የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ መስከረም የዓመቱ መጀመሪያ። በዓመቱ ማለቂያ የተወለደን ሰው፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳልነካ፣ መባቻው ላይ አስቀመጥኩት። ጥቂት ቀን ወደፊት ያሻገርኳቸው መስሎኝ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ገፋኋቸው። ማሽኑ እትዬን በአንድ ዓመት አስረጅቷቸዋል። ማሽኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ዝም ባልኩበት በሁለተኛው ቀን እትዬ ቢሮ መጡ። እኔ መደርደሪያው ጋር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆሜአለሁ። ጸሐፊዋ ስክሪኑን አየችላቸው።

"እትዬ፣ እዚህ መስከረም አንድ ነው የሚለው።"

"እኔ ጳጉሜ ነኝ።"

"ማሽኑ መስከረም ነዎት ይላል።"

"ማሽኑ እናቴን ሲያምጡ አይቷል?"

ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ትንሽ ሳቁ፤ መሳሳቱ በግልጽ ስለታየ የሚስተካከል መስሏቸው ነው። ሲወጡ ጀርባዬን ቸብ አድርገውኝ ሄዱ።

በአራተኛው ቀን መናገር ስላልቻልኩ በወረቀት ጻፍኩት። አንድ ገጽ። ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። አንብበው ሲጨርሱ ምንም ሳይሉ ተነሱ። የእትዬን የወረቀት ፋይል አስወጡኝ። አሥራ ሦስት ይላል፤ በአሮጌ ሰማያዊ ቀለም። ጸሐፊዋን አስነስተው ራሳቸው ተቀመጡና አሥራ ሦስት ብለው ጻፉ። ጮኸ። መነጽራቸውን አድርገው እንደገና ጻፉ። ጮኸ።

"ያ ረቢ" አሉ።

"ነሐሴ ሠላሳ ቢሉት ይቀበላል" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

መነጽራቸውን አውልቀው ዞሩ።

"ይሄን ያኔ ብትይኝስ?"

ፋይሉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

"ያኔ ነሐሴ ብለሽ ብትጽፊ ማንም አይነካም ነበር። አሁን ዝርዝሩ ደሴ ሄዷል፤ የፈረሙት እነሱ ናቸው። እኔ እዚህ ብቀይረው ያው እዚያ መስከረም ነው። ደግሞ ለአንድ ሰው ሦስት ልደት! ሐሰተኛ ሰነድ ነው የሚሉን።"

እንዲያም ሆኖ አልተዉንም። በእጃቸው ደብዳቤ ጽፈው ማኅተም አደረጉበት፤ የፋይሉን ኮፒ አያያዙ። "ከእሳቸው ጋር ሂጂ" አሉኝ። "ማንበብ አይችሉም፤ አፍ ሁኛቸው።" ለእትዬ ማን እንዳጠፋ አልነገሯቸውም። እሱን ለእኔ ተዉልኝ።

ሐምሌ ላይ ሄድን። እትዬ ለበዓል የሚለብሱትን ነጠላ አድርገዋል። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ታች ያለው ኮምቦልቻ ጠፋ። እሳቸው ሲያወሩ፣ እኔ እዚህ መታጠፊያ ላይ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ሚኒባሱ ይታጠፋል፤ የሚቀጥለው ላይ እላለሁ። የደጋውን ብርድ ረስተውት ነበርና እጃቸውን ብብቴ ውስጥ ከተው ያሞቃሉ። ደሴ ደረስን፤ አልነገርኳቸውም።

ዋናው ቢሮ ሆጤ ሰፈር ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ። የተቀበለን ሰው ወጣት ነው፤ ክራቫት አድርጓል። ደብዳቤውን ገለጥ አድርጎ አየውና ፈገግ አለ።

"እናቴ፣ ጡረታ ሲደርስ እኮ ሰው ሁሉ ወጣት ይሆናል።"

"እኔ ወጣት አላልኩም፤ ጳጉሜ ነኝ ነው ያልኩት።"

"ይሄ በእጅ የተጻፈ ነው። ከሲስተሙ ታትሞ የወጣ አምጡልኝ።"

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። አፍ ሁኛቸው ተብያለሁ።

"ሲስተሙ አይቀበለውም" አልኩ።

"ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።"

"ጳጉሜን... አይቀበልም። ይጮኻል።"

"መስከረምን እንዴት ተቀበለ ታዲያ? ማን ነው መስከረም ያለው?"

ጠረጴዛው ላይ አንድ የማኅተም ቀለም ነበር፤ እሱን አየሁ።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

እትዬን አላየኋቸውም። ነጠላቸው ግን ክንዴን ነክቶት ነበር፤ ሲርቅ ተሰማኝ።

"አንቺ ማን ነሽ?" አለ ሰውየው።

"ደብዳቤ አድራሽ።"

"ደብዳቤ አድራሽ ነው የሠራተኛ ልደት የሚወስነው?" ወደ ጎረቤቱ ጠረጴዛ አየና ሳቅ አለ። ከዚያ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ የእትዬን መታወቂያ ጠየቀ። መታወቂያው ላይ ዓመቱ ብቻ ነው ያለው። "ይኸው፤ ወርም ቀንም የለውም። ፋብሪካው በመጀመሪያ መስከረም አለኝ። አሁን ሌላ ይለኛል። እኔ የቱን ልመን? ሁሉም እንዲህ እያለ ይመጣል እናቴ፤ አይፍረዱብኝ።"

የፋይሉን ኮፒ ዘርግቼ አሳየሁት። አሥራ ሦስት የሚለውን በጣቴ ነካሁት። "ወረቀት ላይ ቁጥር መጨመር ቀላል ነው" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደረጃው ጫፍ ድረስ ወጥቶ ሸኘን።

እስከ መናኸሪያው በእግር ሄድን። ያካፋል። እትዬ ከፊቴ ከፊቴ ነው የሚሄዱት። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ቆርቆሮ ሥር ተጠለልን፤ እዚያ ነው የተናገሩት።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

እግሬን ከጭቃው ሰበሰብኩ።

"አንድ ክፍል ነው የምናድረው። ማሽኑ ጳጉሜን እምቢ አለኝ ብትይኝ፣ ነሐሴ በይው እልሽ ነበር። እኔ መች ለጳጉሜ ሞቼ።"

"አፈርኩ።"

"ከእኔ?"

"ከሁሉም ሰው።"

ወደ ዝናቡ አዩ። "እፍረትሽ ዓመቴን በላው" አሉ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢመቱኝ ብዬ የተመኘሁት የዚያን ቀን ነው። ስንመለስ መስኮቱ ጋር እሳቸው፣ በሩ ጋር እኔ ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ እንደ ወትሮው አብረን በላን። ያጎርሱኝ ነበር፤ ማጉረስ ቀረ። ነገር ቢጠፋባቸው "አየሽው?" ይላሉ፣ እኔም "አላየሁም" እላለሁ። አንድ ጊዜ ደሞዜን ይዤ ተንበርክኬ፣ በየወሩ ላካፍልዎት አልኳቸው። "አንቺ የምትሰጪኝን ልለምን ነው ሠላሳ ዓመት ብናኝ የበላሁት?" አሉኝ። ሁለተኛ አላነሳሁትም።

መስከረም ላይ ወንድማቸው ከኩታበር መጥቶ ወሰዳቸው። ያላቸው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሳጥንና ድስቶቻቸው ነበር። ሳጥኑን ከወንድማቸው ጋር ይዤ እስከ መኪናው አደረስኩ። ሊሰናበቷቸው የመጡትን ሰዎች ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግመው ሳሙ። እኔን አንዴ ሳሙኝና "ደህና ሁኚ" አሉኝ፤ ልክ ለቤት አከራያችን እንዳሉት።

በሳምንቱ ጋሼ ጋ ገባሁ። ሰው ነበር ከሳቸው ጋር፤ እሱ እስኪወጣ አልጠበቅኩም።

"የቀሩት አሥሩስ?" አልኳቸው።

"የምን አሥር?"

"ጳጉሜ የተወለዱት። እነሱም አንድ ዓመት አርጅተዋል።"

እንግዳውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። "ደብዳቤ ሳይመጣባቸው ነሐሴ ሠላሳ አድርጊያቸው። ለደሴ አሁኑኑ በጽሑፍ አሳውቃለሁ። ዛሬውኑ ቀይሪው።"

"መጀመሪያ ልጠይቃቸው።"

"ማንን?"

"እነሱን።"

ጋሼ ትከሻቸውን ሰበቁ። "ጠይቂ እንግዲህ።"

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሽመና ክፍል ከፈተላ ይብሳል፤ እዚያ ካልጮኹ አይሰማም። ሰዎች እያዩኝ ጮኽኩ። ኮምፒውተሩ ጳጉሜን እምቢ ብሏል፤ ነሐሴ ሠላሳ ብልዎት ይስማማሉ? እያልኩ። አንዷ "አንቺ ልጅ ለካ ድምፅ አለሽ!" ብላ አጠገቧ ያለችውን ጠራቻት፣ እንድትሰማኝ። አንዱ ምን ለውጥ አለው ብሎ አስረዝሞ ጠየቀኝ፤ አስረዳሁት። ሌላው "ነሐሴም ያው ዝናብ፣ ጳጉሜም ያው ዝናብ፤ ጻፊው ወላሂ" አለኝ። የመጨረሻው ያ በመጀመሪያ እምቢ የተባለው ሸማኔ ነበር። ጨርሼ እስክነግረው እጁን ከማሽኑ ሳያነሳ አዳመጠኝ።

"ጥሩ" አለ። "ያቺን የፈተላዋን ሴትዮ ጠይቀሻት ነበር?"

"አልጠየቅኳቸውም።"

ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው አጎነበሰ።

ጸሐፊዋ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አሥሩን አንድ በአንድ ከፈትኩ፤ ሠላሳ፣ ስምንት ብዬ ጻፍኩ፤ ሁሉም ገቡ። ከዚያ የእትዬን ስም ፈለግኩ። ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ፊደሉ ግን እንደሌሎቹ ጥቁር አይደለም፣ ግራጫ ሆኗል። ነካሁት። አልተከፈተም። ደግሜ ነካሁት።

"እሱ አይከፈትም" አለች ጸሐፊዋ ከኋላዬ። "የወጣ ሰው ይቆለፋል።"

በስማቸው ትይዩ ቀን አንድ፣ ወር አንድ ይላል። ጸሐፊዋ ሥራ ስለነበረባት ወንበሩን ለቅቄላት ተነሳሁ።